ለወጡት፣ ከገቡት

ይድረስ ለወጣችሁት፣ ከእኛ ከገባነው፤
ሐዋሳ ዋናው ግቢ፣ ብሎክ ዘጠኝ ነው፤
ዶርም ሰላሳ አራት፣ ከደረጃው ግራ፣
መብራት ቀድሞ ጠፍቶ፣ ዘግይቶ የሚበራ።
ደብተሩ እኔ ጋ ነው ዘንድሮ በተራ፤
ገንዘብ ያዥ ተባልኩኝ፣ ገንዘብ ሳላፈራ።

ሽፋኑ ተልጦ በፕላስተር ታስሯል፣
ጀርባው ላይ የዓሣ ዘይት ጠብ ብሎ ደርቋል፤
የሌዳሞ ጽሑፍ ግን፣ አንደኛው ገጽ ላይ፣
ዘመም ብሎ ይታያል፣ የሐይቅ ታንኳ መሳይ፦
«ከዚህ ክፍል የወጣ ከዚህ ክፍል አይወጣም፤
ሲመጣም ይምጣ እንጂ ባዶ እጁን አይመጣም።»

ገቢ።
ስሙ ቢረሳው ነው፣ እሱ ግን አይረሳ፤
ወር በገባ በሦስት፣ ሦስት መቶ ለምሳ።
ሽኩር ከመርካቶ ላከ ፍራሽ ሁለት፤
አንዱ ለአዲስ ፍሬሽ፣ አንዱ ለእንግድነት፤
(እንግዳው እስኪመጣ እኔው ተኛሁበት።)
ኡጁሉ ከጋምቤላ «ብር የለኝም» ብሎ
ያረጀ ካልኩሌተር ላከልን ጠቅልሎ፤
ስምንትን ሲጫኑት ሦስት ነው የሚለው፤
ሒሳቡ ባይገጥም ጥፋቱ የእርሱ ነው።

ወጪ።
የበር ቁልፍ። ጀሪካን። ሽሮና በርበሬ፣
ነን ካፌ ነን ብለው ላደሩ በጥሬ።
ፊሮምሳ ሌሊት ላይ መርዶ ሲመጣበት
ለአሰላ መኪና ስድስት መቶ ወጣለት፤
ሁለታችን ተከትለን ለቅሶ ደረስንለት፤
የመንገዱን ዝናብ ግን ዓምድ አጣሁለት።

አንድ ስም አለ ግን፣ ከታች ከጥጉ ዘንድ፣
ኤርሱሞ የሚባል፣ ባዶ የሆነ ዓምድ።
አሥራ አንድ ሴሚስተር፣ ሰረዝ ላይ ሰረዝ፤
የቀድሞው ገንዘብ ያዥ በቀይ «ይሰረዝ?»
ብሎ ጽፎበታል። እኔም ስቄአለሁ፤
ይሰረዝ ሲባልም እጄን አውጥቻለሁ።

ኅዳር ላይ፣ እኩለ ሌሊት፣
ትንሹን ፍሬሻችንን፣ ባምላኩን፣ ወባ ያዘው።
ብርድ ልብስ በብርድ ልብስ ላይ ደረብን፤
አልጋው እንደ ወፍጮ ተንቀጠቀጠ።
አምቡላንስ ደወልን፤ ጠራ፤ ጠራ፤ ዝም።
ተሸክመን ወጣን።
በሩ ላይ አንዲት ባጃጅ፣ የጎን መስታወቷ የተሰነጠቀ፣
ሹፌሩ ጃኬቱን እስከ አፍንጫው ዘግቶ።
«ከየትኛው ዶርም?» አለ።
«ከሰላሳ አራት።»
ሌላ አልጠየቀም።
በታቦር ሥር አቋረጠ፤ ጉድጓዱን ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል፤
አባ ኮዳዎቹ ዛፍ ላይ እንደቆሙ ሳይነቁ
ሪፈራል አደረሰን።
ደግሞም አልሄደም። አግዳሚው ላይ አብሮን ነጋ።

ሒሳብ ብዘረጋለት እጄን መለሰው፦
«በመስኮቱ ሥር ያለው አልጋ፣ አንድ እግሩ ጡብ ነበር።
አሁንስ?»
አሁንም ጡብ ነው።
የሽኩር ፍራሽ የተነጠፈበት፣ የእኔ አልጋ ነው፤
ራስጌው ላይ በምስማር የተጫረ ስም አለ፣
እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ በጣቴ የማነበው።
«ሥራ ሳገኝ እከፍላለሁ እያልኩ ቆየሁ» አለ፤
«ኋላ ማፈር ራሱ ሥራ ሆነብኝ።»
ሞተሩን አስነሣ። «አትጻፈኝ» አለ።

ጻፍኩት፤ ይቅር ይበለኝ። ግን የት ልጻፈው?
ገቢ ነው እንዳልል፣ ብር ያላስገባው፤
ወጪ ነው እንዳልል፣ እኛ ያላወጣነው።
ደብተሩን ዘቅዝቄ ሰረዞቹን ሳያቸው
መንገድ ይመስላሉ፣ ጎማ የሄደባቸው።
ያን የቀይ «ይሰረዝ» ሰረዝኩት በሰማያዊ፤
ከዚህ በላይ አልችልም፤ አይደለሁም ዳኛ፣ አይደለሁ ሰማያዊ።

ሰኔ ለምርቃት ስትመጡ፣ በጠዋት
ለዓሣው አሞራ ገደል ስትወርዱ፣ ከበሩ ፊት
መስታወቷ የተሰነጠቀ ባጃጅ አለች፤ እሷን ጥሩ፤
ተጨናንቃችሁ ግቡ፣ ስለ ድሮው አውሩ፤
የአልጋውን ጡብ አንሡ፣ ስሙን ግን አትጥሩት፤
ስትወርዱ ሒሳብ ስጡት፤ መልሱን አትጠብቁት።

እና ኡጁሉ፣
የካልኩሌተሩ ባትሪ አልቋል።